የሜዲኬይድ ቅነሳው ከቤታችን ማንን ይነካል? (ቨርጂኒያ)

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ስለ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ) ቅነሳ አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ፤ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የስኳር ሕመም አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደልኝ አምና ነው፣ ለግሪን ካርድ ገና አላመለከትኩም። ባለቤቴ ግሪን ካርድ ከያዘ 8 ዓመቱ ነው፣ ኡበር ይነዳል። ልጆቻችን 6 እና 9 ዓመታቸው ነው፣ እዚሁ ነው የተወለዱት። የ27 ዓመት ወንድሜም አብሮን ይኖራል፤ እሱ ግሪን ካርድ ካገኘ 6 ዓመት ሆኖታል፣ ሥራው አንድ ሳምንት አለ፣ አንድ ሳምንት የለም። ሁላችንም ሜዲኬይድ ነው ያለን። የሚቋረጥበት ማን ነው? መቼ? ከአሁኑ ምን ላድርግ?

ሾፌር ነኝ

እኔም ኡበር ነው የምነዳው። እኔ እንደሰማሁት ባልሽ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ካላሳየ ይቋረጥበታል። በቨርጂኒያ ደግሞ ጨርሶ ይዘጋል የሚሉም አሉ።

ፎርም የምሞላ

እህቴ፣ የሰዎቻችንን የሜዲኬይድ ፎርም ስሞላ ዓመታት ሆኖኛል፤ ያንቺን ቤት በየሰዉ ልንገርሽ።

ነገሩ ከሐሳብ አልፏል፤ ኮንግረስ ሲከራከርበት የከረመው ረቂቅ ጁላይ 4፣ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፈርመውበት ሕግ ሆኗል። ግን የሚጀምረው በየተራ ነው።

ከሁላችሁ ቀድሞ የሚነካው አንቺን ነው። ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ በአሳይለም ወይም በሪፊውጂነት ወረቀት ለሚኖር ሰው ለሜዲኬይድ መክፈሉን ያቆማል። ግሪን ካርድ ያለው ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፦ «ግሪን ካርድ ባገኝም 5 ዓመት መጠበቅ አለብኝ» ይላል። የ5 ዓመቱ ጥበቃ በዲቪ ወይም በቤተሰብ ለመጣ ሰው ነው እንጂ ከአሳይለም ወደ ግሪን ካርድ የተሻገረን ሰው አይመለከትም። ስለዚህ ዋናው ሥራሽ ማመልከቻው ነው። አሳይለም ከተፈቀደልሽ ጀምሮ እዚህ አገር አንድ ዓመት መቆየት አለብሽ፤ ቀኑን ቁጠሪና የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል ነው አትቆይ የምልሽ። በመሀል ሜዲኬይድሽ ከተቋረጠ በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ወዲያው አመልክቺ። ገቢያችሁ ከድህነት መስመሩ በላይ ከሆነ ድጎማ ታገኛለሽ፤ ግን በአሳይለም ላሉት ይህም ድጎማ ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ ይቀራል።

ወንድሜ ሾፌሩ፣ 80 ሰዓት ያልከው እውነት ነው፣ ግን የእሷን ባል አይመለከትም። 13 ዓመትና ከዚያ በታች ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ከሥራ ግዴታው ነፃ ነው። ደንቡ ቢዘገይ ጃንዋሪ 1፣ 2027 ይጀምራል። ነፃ መሆኑ ግን ፋይሉ ላይ መስፈር አለበት፤ ልጆቹ በስሙ መመዝገባቸውን አሁኑኑ ያረጋግጥ።

ቨርጂኒያ ይዘጋል የተባለው ከአንድ እውነት የተነሣ ነው። ስቴቱ በጃንዋሪ 2019 ሜዲኬይድን ለተጨማሪ አዋቂዎች ሲከፍት፣ የፌዴራሉ ድርሻ ከ100 ዶላር ከ90 በታች ከወረደ ፕሮግራሙ ይቆማል የሚል ሕግ አውጥቷል። ያንን ድርሻ እንቀንስ የሚል ሐሳብ ዋሽንግተን ውስጥ ቀርቦ ነበር፤ በጸደቀው ሕግ ግን 90ው አልተነካም።

የልጆቹ ነገር አያሳስብሽ፤ ዜጎች ናቸው፣ የስደት ወረቀቱም የሥራ ግዴታውም እነሱን አይነካም።

ካርዷ የተቋረጠባት

ሁሉም ስለ ሕጉ ያወራል፤ እኔ ስለ ፖስታው ልንገርሽ። ቤት ቀየርን፣ አድራሻችንን አላሳወቅንም። የእድሳቱ ደብዳቤ የድሮው ቤት ሄደ። መቋረጡን ያወቅኩት ልጄን ይዤ ፋርማሲ ቆሜ ነው፤ ገንዘብ አልያዝኩም ነበር፣ መድኃኒቱን ሳልወስድ ተመለስኩ። ያን ቀን መቼም አልረሳውም።

በኋላ አንዲት ሴት ነገረችኝ፦ ከተዘጋ በኋላም ቢሆን በ90 ቀን ውስጥ የእድሳት ፎርሙን ከመለስሽ እንደ አዲስ ማመልከት አያስፈልግም። እኔም እንደዚያ አድርጌ ተመለሰልኝ። ስልክሽንና አድራሻሽን ዛሬውኑ በኮመን ሄልፕ (የስቴቱ ድረ ገጽ) ወይም ወደ ከቨር ቨርጂኒያ (የስቴቱ የሜዲኬይድ ስልክ) ደውለሽ አስተካክዪ። አማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ በዪ፣ በነፃ ነው፤ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ።

ፎርም የምሞላ

ይህን ያለችውን እባካችሁ ያዙት። አርካንሶ በ2018 የሥራ ግዴታ ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰው ሜዲኬይዱን አጥቷል፤ በ2019 ፍርድ ቤት እስኪያስቆመው ድረስ። ብዙዎቹ እየሠሩ ወይም ነፃ መሆን ሲገባቸው ነው ሰዓታቸውን ወይም ነፃ መሆናቸውን ሪፖርት ባለማድረጋቸው የተቋረጠባቸው። በአዲሱ ሕግ ደግሞ በሜዲኬይድ ማስፋፊያው (ለተጨማሪ አዋቂዎች ሲከፈት) የገቡ አዋቂዎች በዓመት አንዴ የነበረው እድሳታቸው በየ6 ወሩ ይሆናል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ተነፈስኩ። ወንድሜስ? እኔስ የሜዲኬይድ ካርዴ ከተቋረጠ ኢንሱሊኑን እንዴት አደርጋለሁ?

ፋርማሲ የምትሠራ

እናቴ፣ ኢንሱሊን አንድም ቀን አታቋርጪ፣ ለማብቃቃትም ብለሽ አትቀንሺ። ኢላይ ሊሊም ሳኖፊም ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የወሩን ኢንሱሊን በ35 ዶላር የሚሰጡበት ፕሮግራም አላቸው። ያንቺ የማን ምርት እንደሆነ ብልቃጡ ላይ እይና ፋርማሲስትሽን ጠይቂ። ለሐኪም ደግሞ የፌዴራል ድጋፍ ያላቸው የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ኢንሹራንስ የለሽም ብለው አይመልሱሽም፣ እንደ ገቢሽ ነው የሚያስከፍሉሽ። ካርዱ ሳለ ሄደሽ ተመዝገቢ።

ፎርም የምሞላ

ከቤታችሁ የ80 ሰዓቱ ደንብ የሚመለከተው ወንድምሽን ነው። ሥራ ብቻ ሳይሆን የበጎ ፈቃድ አገልግሎትና የሥራ ሥልጠናም ይቆጠራል፤ ደማምሮ 80 ማድረስ ይችላል። ኮሌጅ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ተማሪነት (ሃፍ ታይም) ከተመዘገበም ይበቃል። ሌላው፣ የወር ገቢው 580 ዶላር ከደረሰ ሰዓት መቁጠር አያስፈልገውም፤ 80 ሰዓት በፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ 7.25 ሲባዛ ማለት ነው። በካሽ የሚከፈለው ከሆነ አሠሪው በወረቀት እንዲጽፍለት ያድርግ።

ሌላም አለ፦ እስካሁን ሜዲኬይድ ከማመልከቻው በፊት የነበሩ 3 ወራትን ሂሳብ ይሸፍን ነበር። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ እንደ ወንድምሽ ላለ ሰው ወደ 1 ወር ይወርዳል። ታሞ ከተኛ በኋላ እናመለክታለን ማለት አይሠራም።

ሾፌር ነኝ

ስለ ባልሽ ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ። እኔ ግን ልጅ የለኝም፣ 80 ሰዓቱ እኔኑ ነው ለካ። የሰዓትና የገቢ ማጠቃለያውን ከስልኬ በየወሩ ፎቶ አነሣለሁ። ወንድምሽ መንጃ ፈቃድ ካለው ይደውልልኝ፣ እንዴት እንደሚጀመር አሳየዋለሁ።

ጠያቂዋ

አለው፤ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። አድራሻውን አሁን ደውዬ አስተካከልኩ፤ የድሮው አፓርታማ ነበር የተመዘገበው። ለጠበቃው ሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ።