የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ 40 ታብሌት ወይስ ሳምንታዊ 4 ክፍለ ጊዜ?

ጸሐፊዋ
እንደምን ሰነበታችሁ። ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምናስገባውን ሐሳብ እስከ ዓርብ መጨረስ አለብን። አሁን በእጄ ያለው ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ለሦስቱ ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 40 ታብሌት ይገዛ» ይላል። ይበቃል ትላላችሁ? በቴክኖሎጂ ማስተማር የጀመራችሁ ቅድሚያ ተናገሩ። ከልምዳችሁ እንነሳ።

የፊዚክስ መምህርት
እኔ ያለኝ የራሴ ላፕቶፕና ከሚኒ ሚዲያ ክበቡ የምዋሰው ፕሮጀክተር ነው። ባለፈው ወር የኤሌክትሪክ ዑደት ሳስተምር ፌት በሚባሉት ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ በሚሠሩ ሙከራዎች ተጠቀምኩ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚያወጣቸው ናቸው። አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ (አሚተር) አንድ ነው፤ እሱም ቀስቱ ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ 58 ተማሪ እያየ ባትሪ፣ አምፖልና ሽቦ ስክሪኑ ላይ ገጣጠምኩ። አምፖሉ በራ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ አምፖሉ ይውጣና ሽቦው ዝም ብሎ ይገናኝ እስቲ» አለ። አገናኘሁት። ባትሪው ስክሪኑ ላይ በእሳት ተያያዘ! ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ጩኸቱ በረድ ሲል፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ «ለምን ተቃጠለ?» ብላ ጠየቀች። ያን ቀን ሬዚስታንስን፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገጥመውን ተቃውሞ፣ ያስተማርኩት ለእሷ ጥያቄ መልስ እየሰጠሁ ነው።

ለዚያች ለ40 ደቂቃ ሁለት ማታ አምሽቻለሁ። በሳምንት 26 ክፍለ ጊዜ አለኝ። እኔን የሚያጥረኝ ጊዜ ነው።

የባዮሎጂ መምህር
እህቴ፣ ያንቺ ክፍል ደስ ይላል። እኔ ግን ታብሌቱ ይቅር አልልም። ልጅ እጁ ላይ ሲይዘው ሌላ ነው። በ2004 ዓ.ም. ወንጪ አካባቢ የተሞከረውን አስታውሱ። ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በካርቶን ተሰጣቸው፤ አስተማሪ አልነበረም። ራሳቸው ከፍተው፣ ራሳቸው ፊደል መለማመድ ጀመሩ። የእኛዎቹ ከእነዚያ በምን ያንሳሉ?

የአይሲቲ መምህርት
የወንጪውን እኔም ሳስበው ደስ ይለኛል። ግን ሙሉውን እንየው። ታብሌቶቹን በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚያደርጉ ለአዋቂዎቹ ያሳየ ሰው ነበር። ልጆቹ ምን እንደነኩ ለማወቅ ሚሞሪ ካርድ እየቀየረ በየሳምንቱ የሚመላለስም ነበር። እዚያም ቢሆን ከጀርባ ሰው አለ። ደግሞ እነዚያ ልጆች አጠገባቸው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የእኛዎቹ አስተማሪ አላቸው።

አሁን የምለውን ሳልደብቅ ልናገር። በፊት በነበርኩበት ትምህርት ቤት ላፕቶፖች በእርዳታ መጡ። የንብረት ሠራተኛው ፈርሞ ተረከበ። አንዱ ቢጠፋ ከደመወዙ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ቆለፈባቸው። ስሄድ ስመጣ በመጋዘኑ መስኮት ካርቶኖቹን አያቸው ነበር፤ የታሸጉበት ፕላስተር እንኳ አልተላጠም። ሰውዬውን አልወቅሰውም፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። አሠራሩ ነው የቆለፈው። ይሄ ካልተስተካከለ 40ውም ታብሌት እዚያው ነው የሚገባው።

የሒሳብ መምህር፣ ከአንጋፋዎቹ
ልጆቼ፣ ፕላዝማ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። 1997 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት። እኔ መግቢያውን ጥቂት ደቂቃ እናገራለሁ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይረከበኛል። መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይመለስልኛል።

ክፉ ብቻ ነበር አልልም። የባዮሎጂውን ምስል እኔ በጠመኔ ስስል ብውል አላመጣውም። ግን ማስቆም አይቻልም ነበር። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ይናገራል። ተማሪዬ ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ እኔ ምን ላድርግለት? መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ፤ ሳተላይቱ አይጠብቀንም። ያን ጊዜ ጎበዝ የሚባሉ መምህራን ሳይቀሩ እጃቸውን አጣጥፈው ከተማሪው ጋር ተቀምጠው ያዩ ነበር። ሙያቸው ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሚገዛው ምንም ይሁን ምን፣ የሚከፍተውም የሚያስቆመውም መምህሩ ይሁን። የፊዚክሷ ልጄ ክፍል ያማረው፣ ልጁ «ሽቦው ይገናኝ» ሲል እሷ ማገናኘት ስለቻለች ነው።

የባዮሎጂ መምህር
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ይህን ሰምቼ 40ውን አጥብቄ አልይዝም። ግን ለቡድን ሥራ የሚሆን ጥቂት ይኑር፤ በአንድ ወንበር አንድ።

የአይሲቲ መምህርት
እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ፤ 20 ይበቃል፣ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ኢንተርኔት እስኪገባ ግን አንጠብቅ። ኮሊብሪ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ቪዲዮውን፣ መልመጃውንና መጽሐፉን አንዴ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ እናወርዳለን። ከዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ በዋይፋይ ይሰራጫል፤ የማንም ካርድ አይቆጥርም። መዳፍ በምታህል በራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የምትበላው መብራት ትንሽ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ትቆያለች። ለፕሮጀክተሩ ግን መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር በግልጽ እንጻፍ። ኤክስቴንሽንም ጻፉ! ሶኬት ከሰሌዳው ተቃራኒ ግድግዳ ላይ ያለበት ክፍል ስንት ነው?

ምክትል ርእሰ መምህርት
እኔ ከበሩ ልጀምር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ መጽሐፍ እንዳጠረን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጆቹ በቴሌግራም ፒዲኤፉን አውርደው በስልክ ያነባሉ። እኛ ደግሞ ጠዋት በር ላይ ስልክ እንከለክላለን። መጽሐፉን ነው በር ላይ የምናስቀረው። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

የከለከልንበት ምክንያት አለ። ቲክቶኩ አለ፣ ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ አለ። ስለዚህ በጥቅሉ ይፈቀድ አልልም። መምህሩ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ሲያዝ ይወጣል፣ ሲደወል ይገባል። ስልክ የሌለው ልጅ እንዳይሸማቀቅ ደግሞ ሥራው ሁልጊዜ በወንበር በጋራ ይሁን፤ «ስልክ ያለው እጁን ያውጣ» የሚባል ነገር አይኑር። ከወላጆች ጋር የመነጋገሩን ነገር እኔ እወስዳለሁ።

ጊዜውን በሚመለከት መፍትሔው ደጃችን ላይ ነው። እያንዳንዳችን በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አለብን። አብዛኛው ፎርም በመሙላት ነው የሚያልቀው። የፊዚክሷን ክፍል ገብቶ ማየት፣ ከእሷ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ትምህርት ማዘጋጀት ከ60 ሰዓቱ ይቆጠር። ብር አይጠይቅም። ለእሷም ከ26ቱ 4 ክፍለ ጊዜ ይቀነስላት፤ ሌሎችን የምታግዝበት።

የፊዚክስ መምህርት
4 ከተቀነሰልኝ ቅዳሜ መምጣትም አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች «እኔ ኮምፒውተር አልችልም» የሚሉት ይሁኑ። የሚችለውማ ራሱ ይፈልገዋል። ጋሼ፣ እርስዎ ፈቃደኛ ቢሆኑ ከግራፍ እንጀምር።

የሒሳብ መምህር፣ ከአንጋፋዎቹ
ለምን አልሆንም? ጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ፓራቦላውን ሲንቀሳቀስ ላሳያቸው እንጂ!

ጸሐፊዋ
ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ። እዩልኝ፦

«በየትምህርት ቤቱ ሁለት መምህራን በመምህራኑ ምርጫ ይሰየሙ። በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ይቀነስላቸውና ባልደረቦቻቸውን በክፍላቸው ተገኝተው ያግዙ። እርስ በርስ ክፍል መጎብኘትና አብሮ ማዘጋጀት ከ60 ሰዓቱ ይቆጠር። ለየትምህርት ቤቱ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ፕሮጀክተር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አንድ የትምህርት ማከፋፈያ ኮምፒውተር፣ የመብራት መጠባበቂያ፣ ኤክስቴንሽንና 20 ታብሌት ይገዛ። ስልክ በመምህሩ ትእዛዝ ለተወሰነ ክፍለ ጊዜ ይፈቀድ። በአንድ መንፈቅ ይሞከር፤ ዕቃው ስንት ክፍለ ጊዜ እንደዋለ በየሳምንቱ ይመዝገብ።»

የባዮሎጂ መምህር
ጥሩ ነው። መዝገቡ ላይ ያልሠራበት ቀንም ከነምክንያቱ ይጻፍ። መብራት ነው? ሰው ነው? በሚቀጥለው ዓመት ስንጠይቅ ይጠቅመናል።

የአይሲቲ መምህርት
የመጋዘኑ ነገር ቀርቷል። ዕቃው የሚቀመጠው መምህራን ክፍል ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን። አንዱ ቁልፍ በተሰየሙት መምህራን እጅ ይሁን። በሥራ ላይ ሲበላሽ ኮሚቴ አይቶ ይወስን፤ በቀጥታ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ። ይህ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊዋ
ገብቷል። ከግዥው ዝርዝር በላይ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አድርጌዋለሁ። ለፊርማ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል እጠብቃችኋለሁ።