ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በቃል ስትሰናበት፦ ይርጋው፣ ማስረጃው፣ የክሱ አቀራረብ

የማኅበር ጸሐፊ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ በሚገኝ የግል ፋብሪካ 3 ዓመት የሠራች የማኅበራችን አባል፣ ኅዳር 12 «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ተብላ በቃል ተሰናብታለች። ነፍሰ ጡር መሆኗን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ለሰው ኃይል ክፍሉ ካስገባች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። የስንብት ደብዳቤ አልተሰጣትም። አሁን ደግሞ «ራስሽ ነሽ የቀረሽው» እያሉ፣ በገዛ ፈቃዷ መልቀቋን ፈርማ የአንድ ወር ደመወዝ እንድትወስድ ይጎተጉቷታል። ደመወዟ በወር 6,000 ብር ነው። ወደ ሥራ መመለስ ትጠይቅ ወይስ ካሳ? ዛሬ ጥር 20 ነው፤ ጊዜ አላት?

ችሎት አዋቂ
ጊዜ አላት፣ ግን ትንሽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ ከስንብቱ የሚመነጩ ክፍያዎች ደግሞ 6 ወር አላቸው። ስለዚህ ክሱ የካቲት 12 ሳይደርስ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ገብቶ መዝገብ ቁጥር ይያዝለት። ብዙ ሰው «ስድስት ወር አለኝ» ብሎ ተቀምጦ መመለሱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ወረቀቱን በፍጹም እንዳትፈርም። በስምምነት መለያየት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው እንኳ መተዉ ዋጋ የለውም። ነገር ግን «በገዛ ፈቃዴ» የሚል ፊርማ ካለ፣ ክርክሩ ስለ እርግዝናው መሆኑ ቀርቶ ስለ ፊርማው ይሆናል።

የክሱ አቀራረብ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናበትኩ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። እርግዝና በአንቀጽ 26(2) ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። አንቀጽ 87ም በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል (ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ጥፋት ካልተገኘ በቀር)። ልዩነቱ ውጤቱ ላይ ነው። ስንብቱ በአንቀጽ 26(2) ምክንያት ከሆነ አሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት። በሌላ ምክንያት ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ «አብረው መሥራት ይቸግራቸዋል» ብሎ በካሳ ሊያሰናብታት ይችላል። ስለዚህ የሐኪም ወረቀቱ የገባበትና የተሰናበተችበት ቀን በክሱ የመጀመሪያ አንቀጽ ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ሒሳብ ወዳጅ
ሁለቱን አማራጮች በቁጥር ላስቀምጥ። የቀን ደመወዟን 200 ብር እንያዝ።

ካሳ ብትመርጥ፦ የ180 ቀን ደመወዝ 36,000፤ ከ1 ዓመት በላይ ስላገለገለች የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ 12,000፤ የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው ማለትም 2,000፣ በጠቅላላ 10,000። ድምሩ 58,000 ብር ነው። ያልወሰደችው የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው ደግሞ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ስላልተፈጸመ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጫ መጠየቅ ይቻላል።

ብትመለስ፦ ውዝፍ ደመወዝ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ ይግባኝ ሰሚው ካጸናው እስከ 1 ዓመት። ከዚያ በላይ ግን የወሊድ ፈቃዷ ከነደመወዙ፣ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ እንዲሁም የጡረታ መዋጮዋ ይቀጥላል። ነፍሰ ጡር ሆኖ አዲስ ሥራ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚታወቅ፣ እኔ መመለሱን በዋናነት፣ ካሳውን በአማራጭ በአንድ ክስ ጠይቁ ባይ ነኝ።

ማስረጃ ሰብሳቢ
ስንብቱ የቃል በመሆኑ መሰናበቷን የማስረዳት ሸክሙ እሷ ላይ ነው። የፋብሪካው መከላከያም ከወዲሁ ታውቋል፦ «ቀረች»። አዋጁ ግን በመቅረት ለማሰናበት በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረትንና በጽሑፍ መሰጠት ያለበትን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ የስንብቱ ምክንያትና ቀንም በጽሑፍ መገለጽ አለበት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከሌላቸው መከላከያው ይላላል።

ነገ ጠዋት በሥራ ሰዓት ሁለት ምስክር ይዛ በሩ ላይ ትቅረብ። ካልገባች «ለሥራ ዝግጁ ነኝ፣ ያሰናበታችሁኝን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ» የሚል ደብዳቤ በሪኮማንዴ (በአደራ ፖስታ) ትላክና ደረሰኙን ትያዝ። ውሏ ከጠፋ ደመወዝ የገባበት የባንክ ዝርዝርና የጡረታ መዋጮ መዝገብ ቅጥሯን ያስረዳሉ። «እንዳትመጪ» ሲባል የሰሙ ባልደረቦቿ የምስክር ዝርዝር ውስጥ ከክሱ ጋር አብረው ይግቡ፤ ቆይቶ ማስጨመር ፈቃድ ይጠይቃል።

የማኅበር ጸሐፊ (ጠያቂ)
እናመሰግናለን። አስተዳደሩ «እስከ የካቲት መጨረሻ ታገሡ፣ እንነጋገርበታለን» ብሏል። ይርጋውን ያቆመዋል?

ችሎት አዋቂ
የቃል ተስፋ አያቆመውም። ይርጋውን የሚያቋርጠው ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው መብቷን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ለሥራና ክህሎት ቢሮ ካመለከታችሁም ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ። እየተነጋገራችሁም ቢሆን ክሱን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክፈቱ፤ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ከተስማማችሁ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርባችሁ ታስጸድቃላችሁ። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።