ጥቅል ጎመኔን ትል ጨረሰው፤ መድኃኒቱም አልሠራም

ጠያቂዋ፣ ከሰበታ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለዐቢይ ጾም ይደርስልኛል ብዬ ከቤቴ ጀርባ 40 ችግኝ ጥቅል ጎመን ተክዬ ነበር። አሁን ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። ትሉ ቀጭንና አረንጓዴ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ይረዝማል። ማላታይን ገዝቼ በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ጭራሽ ባሰበት። አማቴ አመድ በትኚበት ይሉኛል። ልጆቼ የሚበሉት ስለሆነ ሦስተኛ ጊዜ ለመርጨት ፈራሁ። ምን ላድርግ?

አትክልተኛው፣ ከቢሾፍቱ፦
እህቴ፣ መፍራትሽ ትክክል ነው፤ አትርጪ። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው፣ ከተረጨ በኋላ የሚቆይበት ቀን ሳያልፍም ለወጥ አትቁረጪ። መጀመሪያ ትሉን እንለየው። ቅጠሉን ገልብጪና በስንጥር ንኪው። ወደ ኋላ እየተወራጨ ሸሽቶ በቀጭን ድር ከተንጠለጠለ የጎመን የእሳት ራት ልጅ ነው። እናትየዋ ትንሽ ግራጫ ናት፤ ክንፏን አጥፋ ስታርፍ ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ የአልማዝ ቅርጽ ይታያል።

ይህ ትል መርዝ መልመድ ያውቅበታል። ዲዲቲን መቋቋሙ ከኢንዶኔዢያዋ ጃቫ ደሴት የተዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ያንቺ ማላታይን ትሉን ትቶ ጠላቶቹን ሳይፈጅ አልቀረም፤ ዕንቁላላቸውን በትሉ ሰውነት ውስጥ የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፤ የሚፈለፈለው ትሉን ከውስጥ በልቶ ይወጣል። እነሱን ስናጣ በጣም ያሳዝነኛል፤ ያለ ክፍያ የሚሠሩልን ናቸውና።

እኔ ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠል እየገለበጥሁ በጣቴ እጨፈልቀዋለሁ። ከመሀል ቡቃያው ጀምሪ፤ እሱ ከተበላ ጎመኑ አይጠቀልልም። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከላይ በማጠጫ አውርጂበት። በክረምት የሚቀንሰው ዝናብ አጥቦ ስለሚጥለው ነው። አመዱ የላይኛውን ቢያስቸግር ነው እንጂ መሀል የተሸጎጠውን አይደርስበትም፤ ውኃም ያጥበዋል። ለሚቀጥለው ችግኝ ግን ከተከልሽበት ቀን ጀምሮ ስስ የመጋረጃ ጨርቅ በቀርከሃ ቅስት ላይ ወጥሪለት፤ ጠርዙን አፈር አልብሺው።

ሌላ መላሽ፣ ከድሬዳዋ፦
እኛ ዘንድ ኒም የሚባለው ዛፍ የመንገድ ጥላ ነው። የደረቀውን ፍሬ 50 ግራም ወቅጬ በ1 ሊትር ውኃ አሳድረዋለሁ። በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሬ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቅጠሉ ሥር እረጫለሁ። የቀን ፀሐይ ኃይሉን ያጠፋዋል። ትሉ ወዲያው አይሞትም፤ መብላት ነው የሚተወው፤ ስለዚህ በማግስቱ ተስፋ እንዳትቆርጪ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በስንጥር ስነካው እንዳላችሁት ተንጠለጠለ! ዛሬ ጠዋት ከልጄ ጋር 63 ለቀምን። አንድ ቅጠል ሥር ግን ከሞተ ትል አጠገብ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጭ ጥቅልል አገኘሁ። ይህስ ምንድን ነው? ልጨፍልቀው?

አትክልተኛው፦
ኧረ አትንኪው! የትሉ የራሱ ድር ሳሳ ያለ ነው፤ ውስጡ የተኛው ይታያል። ያገኘሽው ጥቅጥቅ ያለና ነጭ ከሆነ የተርቧ ነው። ቅጠሉን እንዳለ ተዪው።