ለልጅ የጉበት ስብ ቫይታሚን ኢ ይሰጣል?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦
ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ 60 ኪሎ፣ ቁመቱ 146 ሴንቲ ሜትር። በአልትራሳውንድ ጉበቱ ላይ ስብ ታየ፤ ኤስጂፒቲው (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው የጉበት ኢንዛይም) 68 ነው። ፋርማሲ ባለ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ እና ቫይታሚን ሲ አሳዩኝ። ልጀምርለት?

የሕፃናት ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
እህቴ፣ እባክዎ አሁን አይጀምሩለት። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ እስከ 40 ጤናማ ተብሎ ቢጻፍም ለወንድ ልጅ ወሰኑ 26፣ ለሴት ልጅ 22 ነው። የልጅዎ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ከሦስት ወር በላይ እንዲህ ከቆየ ሙሉ ምርመራ ይፈልጋል። በእኛ አገር ከሁሉ በፊት ሄፓታይተስ ቢ ይታይ፤ ወፍራም ልጅ ሁሉ ጉበቱ የሚጎዳው በስብ ብቻ አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ እና በባዶ ሆድ የደም ስኳርም ይጨመሩ። አልትራሳውንድ ስቡን እንጂ የጉበቱን መቆጣት አያሳይም።

ፋርማሲስት (ደብረ ማርቆስ)፦
የቫይታሚን ኢ ተስፋ ያለው እዚያው መቆጣቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው የአሜሪካ ጥናት 173 ልጆች ገቡ፤ ሁሉም በሽታቸው በጉበት ናሙና የተረጋገጠ ነው። ቫይታሚን ኢ የደረሳቸው 400 ዩኒት በቀን ሁለቴ ለ96 ሳምንት ወሰዱ። ኤስጂፒቲን በማውረድ መድኃኒት ከሌለው ክኒን አልተሻለም። ከስቡ ጋር የጉበት መቆጣት ከነበረባቸው ግን በ58 በመቶው ላይ መቆጣቱ ጠፋ፤ መድኃኒት በሌለው ክኒን 28 በመቶ ነበር። በጣሊያን ደግሞ 600 ዩኒት ኢ ከ500 ሚሊ ግራም ሲ ጋር ለሁለት ዓመት ተሰጥቶ፣ ምግብና እንቅስቃሴ ካስተካከሉት ልጆች የተለየ ጥቅም አላመጣም።

በአሜሪካው ጥናት በቀን የተሰጠው 800 ዩኒት በዚህ ዕድሜ ለቀን ከሚበቃው ወደ 50 እጥፍ ነው። ትርፉ እንደ ሲ በሽንት አይወጣም፣ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ የቫይታሚን ኬን ሥራ እያወከ መድማትን ያባብሳል። ቫይታሚን ኤ የበዛበት ድብልቅ ክኒን ከሆነ ጭራሽ ጉበት ይጎዳል።

ጠያቂ፦
እሺ፣ አመሰግናለሁ። ምግቡን ከየት ልጀምር?

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦
ከሚጠጣው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው፤ ለልጅ የቀን ጣሪያው 25 ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ሦስት ጊዜ ከጠጣም ያንኑ ያልፋል። ጉበት ትርፍ ስኳርን ወደ ስብ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በ8 ሳምንት የስኳር ቅነሳ ብቻ የልጆቹ የጉበት ስብ ከ25 ወደ 17 በመቶ ወርዷል። ማንጎውን በጁስ ሳይሆን እንዳለ ይብላ። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የጣና ዓሣው ይቀጥል፤ ዘይቱ ይቀነስ። ለቫይታሚን ኢ አንድ ጭብጥ የሱፍ አበባ ዘር ለቀኑ ሊበቃ ምንም አይቀረው። አታስርቡት፤ እያደገ ስለሆነ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ቢጨምርም ለውጥ ነው። ከቤተሰቡ ለይታችሁም አታብሉት፣ ለስላሳው ከቤቱ ሁሉ ይውጣ።