አኩሪ አተሬ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ አብጧል፤ ምን ልርጭ?

የጃዊው፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አኩሪ አተሬ እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ሻጩ የተባይ መርጫ ሰጥቶኛል፤ ለነገ ጠዋት ሰው ቀጥሬአለሁ።

ሰላም ለሁሉ፦ ዩሪያ ጣልበት ወንድሜ፤ ርቦት ነው።

አረንጓዴ፦ ኧረ ቆይ! እባጩ እኮ ጸጋው ነው፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝለት ባክቴሪያ የሚኖረው እዚያ ነው። በሽታ ነው ያለህ ማነው?

የጃዊው፦ እሱንማ አውቀዋለሁ። ይሄ ክብ ፍሬ አይደለም፤ ሥሩ ራሱ ነው እንደ ዝንጅብል ያበጠው።

ቦጋለ2፦ ዝንጅብል ካበቀልክማ ሻይ ጋብዘና 😀

ተክል ጠባቂ፦ ሰው እርሻው እየጠፋበት አትቀልድ። ወንድሜ፣ ነገ አትርጭ። መጀመሪያ በጥፍርህ ፈትነው። ጠቃሚው እባጭ ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ስለሆነ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሲከፍሉት ውስጡ ሮዝ ነው። ሥሩን ሳትበጥስ የማይለቅ ከሆነ ግን የሥር አሳባጭ ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ ትል። ሥሩ ውስጥ ስለሚኖር ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት አያገኘውም፤ ገንዘብህን ነው የምትረጨው። ናሙና ውሰድ፦ ከቢጫው ጠርዝ ላይ፣ ከሞተው መሀል አይደለም፣ ከብዙ ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረህ አፈሩን ከነሥሩ በፌስታል ቋጥር። ፀሐይ አይንካው፤ ትሎቹ ከሞቱ ላብራቶሪው ምንም አያገኝም። የፓዊ ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቅ።

ሰላም ለሁሉ፦ እኔ አሁንም ዩሪያ ነው የምለው።

ጋሼ መኸር፦ ልጄ፣ አምና ምን ዘርተህበት ነበር?

የጃዊው፦ አኩሪ አተር ጋሼ። ካቻምናም እሱው። ጥጉ ላይ ቲማቲም ነበረ።

ጋሼ መኸር፦ በለው! ቲማቲም ለዚህ ትል ድግሱ ነው። እኛ ዘንድ መሬት በዓመቱ ሰብል ካልቀየረ ይታመማል እየተባለ ነው ያደግነው፤ ዛሬ ዋጋ ያወጣውን ብቻ ደጋግሞ መዝራት ሆነ። ዘንድሮ የገባውን አታወጣውም፤ ለከርሞ አስብ። ከታመመው ቦታ የወጣ ማረሻ አፈሩ ሳይራገፍ ሌላ ማሳ አይግባ።

ተክል ጠባቂ፦ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ግን በምን እንደምትቀይር ከላብራቶሪው በፊት አትወስን። ኦቾሎኒ አንዱን የኔማቶድ ዓይነት ያስርባል፣ ሌላውን ይቀልባል።

የጃዊው፦ እሺ፣ ሰዎቹን አስቀርቻለሁ። ጎህ ሲቀድ በጥፍሬ ሞክሬ እነግራችኋለሁ።

ዳንጉር፦ የጃዊው ወንድማችን፣ ሳምንት ሆነህ። ለቀቀ ወይስ ሥሩ ተበጠሰ? የእኔም ማሳ አንድ ጎኑ ቢጫ ማለት ጀምሯል።