ስኬት በምን ይለካ? በብር፣ በወር ወይስ በሰው?

አወያይ፦ አንድ ሰው «ተሳክቶልኛል» የሚለው በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ነው? ሚዛኑን ስታመጡ አመዛዘኑንም አብራችሁ አምጡ።

ባለ ደብተር፦ በተጣራ ሀብት። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፤ በቀኝ ያላችሁን፣ በግራ ያለባችሁን ጻፉ። ብዙ ሰው የሚስተው እቁብ ላይ ነው። 12 ሰው በወር 5,000 ብር ቢጥል እጣው 60,000 ነው። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 60,000ውን እንዳለ በቀኝ ያሰፍራል። የጣለው ግን 5,000 ብቻ ነው፤ 55,000ው እዳ ስለሆነ በግራ መግባት አለበት። በተቃራኒው 5 ወር ጥሎ ያልደረሰው «ባዶ እጄን ነኝ» ይላል። ኧረ 25,000 ብር አለው፤ ሰው እጅ ላይ ሆኖ ነው እንጂ! የ20/80 ኮንዶሚኒየምም ያው ነው። 20 በመቶ ከፍሎ ቁልፍ የተረከበ ሰው የባንኩን ብድር በግራ ካልጻፈ ደብተሩ ይዋሻል።

ጤፍ በኪሎ፦ ደብተሩን ወድጄዋለሁ፤ ብሩ ግን እንደ ላስቲክ ሜትር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። 20,000 ብር ደመወዝ ከ350 ዶላር አካባቢ ወደ 200 ሲወርድ ፔሮሉ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ስለዚህ በወር እንለካ፤ ገቢ ቢቆም ስንት ወር ትቆያላችሁ? 90,000 ቆጥቦ በወር 15,000 የሚያወጣ ሰው 6 ወር ይላል። የተረሳው የዓመቱ ወጪ ነው፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የፋሲካ በግ፣ የክረምት ልብስ። ይህ 36,000 ከሆነ ለ12 ሲካፈል በወር 3,000 ይጨምራል፤ 6ቱ ወር 5 ሆነ ማለት ነው።

ባለ ደብተር፦ መኪናስ የት ትገባለች?

ጤፍ በኪሎ፦ ገንዘብ የማታመጣ ከሆነ ወጪ ውስጥ። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ። ሥራ ያቆመ ሰውን ወራት የምትበላ እሷ ናት።

የእድር ጸሐፊ፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሰውን ረሳችሁ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠውን ቁጠሩ ማለቴ ግን አይደለም፤ እድር ስም ይጠራል፣ የቀረም ይቀጣል። ቆጠራው የሚጀመረው ሰልስት አልፎ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ አግዳሚው ወደ እድር ቤት ከተመለሰ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ በሰፌድ ሸፍና በሩን ያንኳኳችውን ጎረቤት ጻፏት። ሌሊት 8 ሰዓት ቢደወልለት «ምን ሆነህ?» ብሎ ሳይጨርስ ጫማውን የሚያጠልቀውንም ጨምሩ።

ጤፍ በኪሎ፦ ጋሼ፣ ያሉት ለባለ ቤት ይሠራል። በየዓመቱ ቤት ልቀቅ የሚባል ተከራይ ጎረቤት የሚያፈራው መቼ ነው? የእሱ ቁጥር ዜሮ ቢሆን የተለካው የቤት ኪራይ ገበያው እንጂ ሰውየው አይደለም።

የእድር ጸሐፊ፦ እውነትህን ነው፣ ይህን እቀበላለሁ። እንግዲያው ተከራይ የመጣለትን ትቶ እሱ የሄደበትን ይቁጠር። በዓመት ስንት ታማሚ ጠየቀ? ሳይጠራ ስንት ለቅሶ ደረሰ? ይኼ ሰፈር ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል።