ሥራ ሞልቶ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በግሌ የግራፊክስ ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሎጎ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር እሠራለሁ። «ለነገ ይድረስልኝ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል፣ ሳልተኛ አድራለሁ፣ ብሩ በቴሌብር ይገባና የቤት ኪራይ ይወስደዋል። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ደንበኛ ሦስት ናሙና ወስዶ ስልኩን ዘጋ። ዘንድሮም አምና የነበርኩበት ነኝ።

ወደዚህ ሙያ የሳበኝ የፊደል ፍቅር ነው። የራሴን የግዕዝ ፎንት ጀምሬ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ እኔ 58 ላይ ቆሜአለሁ። ካዕቡ ብዙ አያስቸግርም፣ ቅጥያው ቦታውን ያውቃል። ሳድሱ ግን እንደየፊደሉ ይለያያል፤ የ«ም»ን እግር ብቻ ሦስት ሌሊት ሳልኩት። እነዚያ ሌሊቶች ድካም አልተሰማኝም።

እባካችሁ፣ በግላችሁ የምትሠሩ ሠዓሊዎች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ደራሲዎች፦ ከሳምንቱ አንድ ቀን ለራሳችሁ ሥራ ስትለዩ ለደንበኞቻችሁ ምን አላችኋቸው? ቀብድ መጠየቅ ስትጀምሩስ ስንቱ ሸሸ? ገቢው እስኪስተካከል በምን ቆያችሁ? እኔ ሐሙስን ልይዝ አስቤአለሁ፤ ግን ኪራዩን እያሰብኩ እፈራለሁ።